ብስክሌት ሲነዳ የሰውነት ክብደት በሚቃጠለው ካሎሪ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አንዱ 60፣ ሌላው 90 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ጓደኛሞች ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ሆነው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ፣ ለአንድ ሰዓት ብስክሌት ነዱ እንበል። ጉዟቸውን ጨርሰው ስልካቸውን ሲመለከቱ መተግበሪያው ለመጀመሪያው 480፣ ለሁለተኛው ደግሞ 720 ኪሎ ካሎሪ ማቃጠላቸውን ሊነግራቸው ይችላል።

ሁለተኛው ሰው በክብደት ከመጀመሪያው በግማሽ ይበልጣል። መተግበሪያው የሰጠው ቁጥርም እንዲሁ ልክ በግማሽ ይበልጣል። ስሌቱ አሳማኝ ይመስላል፤ ብዙ ጭነት ያለው መኪና ብዙ ነዳጅ እንደሚጠጣ ሁሉ ከባድ ሰውም ብዙ ጉልበት ማውጣቱ ማንንም አያስገርምም።

ነገር ግን ብስክሌት ላይ ክብደት ሁልጊዜ እኩል ዋጋ አያስከፍልም። ለጥ ባለ መንገድ ላይ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት መተግበሪያው ከሚለው በግማሽ ገደማ ያንሳል። በጂም ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ከዚያም በላይ ይጠባል። ዳገት ላይ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋውን ሳይቀንስ ያስከፍላል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ክብደት ለመቀነስ ወይም የስኳር መጠናቸውን ለመቆጣጠር ብለው ብስክሌት መንዳት የጀመሩ በርካታ ሰዎች ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው የሚወስኑት በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከሌሎች ይልቅ የሚያሳስተው፣ ይበልጥ የሚፈልጉትን ማለትም ከባድ ክብደት ያላቸውን ሰዎች ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አብዛኞቹ መተግበሪያዎችና የጂም መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ስሌት መነሻው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ባርባራ ኤይንስዎርዝ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያኑ 1993 ያሳተሙት ይህ የአካል እንቅስቃሴዎች መድበል ከዚያ በኋላ በ2000፣ በ2011 እና በ2024 ተሻሽሏል። ከእንቅልፍ አንሥቶ እስከ እንጨት ፈለጣ ድረስ በመቶዎች ለሚቆጠሩ እንቅስቃሴዎች ‘ሜት’ የሚባል ነጥብ ይሰጣል።

አንድ ሜት አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያወጣው ጉልበት ሲሆን፣ በልማድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት አንድ ኪሎ ካሎሪ ተደርጎ ይወሰዳል። በሰዓት ከ19 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ብስክሌት መንዳት በ2011ዱ መድበል 8 ሜት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 8 በ60 ሲባዛ 480፣ በ90 ሲባዛ 720 ይሆናል። ሁለቱ ጓደኛሞች ስልካቸው ላይ ያዩት ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው።

አዘጋጆቹ ራሳቸው መድበሉ የአንድን ግለሰብ የጉልበት ወጪ በትክክል ለመለካት ታስቦ እንዳልተሠራ አሳስበዋል። ዓላማው የብዙ ሰዎችን እንቅስቃሴ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት መስፈሪያ እንዲጠቀሙ ማስቻል ነበር። ማሳሰቢያው ግን ከሰንጠረዡ ጋር ወደ ስልኮች አልተሻገረም።

መነሻው ራሱ ጥያቄ አለበት። በ2005 የታተመና ከ760 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ሰዎች ዕረፍት ላይ ሆነው የሚያቃጥሉት በአማካይ በኪሎ ግራም በሰዓት 0.84 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እንጂ አንድ ሙሉ እንዳልሆነ አሳይቷል። በሰዎች መካከል ለታየው ልዩነት ዋነኛው ምክንያት የሰውነት ይዘት፣ ማለትም የስብና ከስብ ውጪ ያለው አካል መጠን ነበር። ዕረፍት ላይ ስብ ከጡንቻና ከውስጥ አካላት ያነሰ ጉልበት ስለሚጠቀም፣ ‘በአንድ ኪሎ አንድ ካሎሪ’ የሚለው ልማድ ብዙ ስብ ላለው ሰው የተጋነነ ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ያለው ከማባዛቱ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚወጣው ጉልበትም በእጥፍ ይጨምራል ብሎ ይነሣል። ይህ ለሩጫ እውነት ነው ማለት ይቻላል፤ ለብስክሌት ግን አይደለም።

ሯጩ ራሱን ይሸከማል፤ ብስክሌተኛው ይቀመጣል

ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ሰውነቱን ከመሬት ያነሣል፤ መልሶም ያሳርፋል። ጡንቻዎቹ ክብደቱን ለመሸከም፣ ሲወርድም ለመያዝ ይሠራሉ። ለዚህም ነው በሜዳ ላይ ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስወጣል የሚለው ግምት ለብዙ ሰው የሚሠራው። አሥር ኪሎ ሜትር የሮጠ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ገደማ፣ 90 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ 900 ገደማ ያቃጥላል።

ብስክሌት ላይ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ነው። የተቀመጠው ሰው ወደ ላይና ወደ ታች አይነጥርም። እግሮቹ የሚሠሩት ሰውነቱን ለመሸከም ሳይሆን ብስክሌቱ ወደፊት እንዳይሄድ የሚይዙትን ነገሮች ለማሸነፍ ነው። ጉልበታቸውን ወይም ቁርጭምጭሚታቸውን የሚያማቸው ከባድ ሰዎች ከሩጫ ይልቅ ብስክሌት እንዲነዱ የሚመከሩበት ምክንያትም ይኸው ነው። መገጣጠሚያን ከጫና የሚያድነው ኮርቻ፣ ከካሎሪው ሒሳብም የክብደቱን ድርሻ ይቀንሳል።

በሜዳ ላይ ተቀናቃኙ አየር ነው

ብስክሌተኛን ወደኋላ የሚይዙት ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው የተሰነጠቀው አየር የሚፈጥረው ግፊት፣ ሁለተኛው ጎማ መንገዱ ላይ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ሰበቃ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዳገት ሲኖር የመሬት ስበት ነው። ሰበቃውና ስበቱ ከክብደት ጋር እኩል ያድጋሉ። አየሩ ግን ኪሎ አይቆጥርም፤ የሚያየው የሰውየውን ስፋትና ፍጥነት ብቻ ነው።

ስፋት ደግሞ እንደ ክብደት አያድግም። ይህን ለመረዳት እንስራና ጋን በቂ ናቸው። ቅርጹ ከእንስራው ጋር አንድ የሆነ፣ ነገር ግን በቁመትም በወርድም እጥፍ የሆነ ጋን ቢሠራ የሚይዘው ውኃ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ከፊት ሲታይ የሚሸፍነው ቦታ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። በክብደት በግማሽ የሚበልጥ ሰው በንፋስ ፊት የሚዘረጋው ገላ በግማሽ አይበልጥም።

ሁለቱን ጓደኛሞች ወደ መንገዳቸው መልሰን እናስላ። ብስክሌቶቻቸው 12 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ንፋስ የለም፤ አስፋልቱም ጥሩ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ቀላሉ ሰው ፔዳሉ ላይ ወደ 70 ዋት፣ ከባዱ ደግሞ ወደ 90 ዋት ኃይል ማሳረፍ ይኖርባቸዋል። ከቀላሉ ሰው 70 ዋት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚውለው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው።

በክብደት የ50 በመቶ ልዩነት፣ በፔዳሉ ላይ ወደ ሩብ ተጠግቶ ቀረ ማለት ነው።

ዋቱን ወደ ካሎሪ ለመለወጥ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለብስክሌት ያዘጋጀው ቀመር አለ። ቀመሩ ፔዳሉ ላይ ለሚያርፈው ኃይል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ያሰላና፣ በዚያ ላይ ሰውነት በዕረፍትም ቢሆን የሚጠቀመውንና እግርን ለማንቀሳቀስ ብቻ የሚያስፈልገውን ይደምራል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከክብደት ጋር አብረው ያድጋሉ። በዚህ ስሌት ቀላሉ ሰው በሰዓት ወደ 350፣ ከባዱ ወደ 480 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላሉ።

በመካከላቸው ያለው ልዩነት 130 ነው። ሰንጠረዡ ግን 240 ብሎ ነበር።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ መንገድ ንፋስ፣ ጉድጓድ፣ የትራፊክ መብራትና አቀበት አለው። ስለዚህ የብዙ ሰዎች ወጪ በዚህ ስሌትና በሰንጠረዡ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ሊውል ይችላል። መብራት ላይ ቆሞ መነሣት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ሒሳቡን አይለውጠውም። ከቆሙበት ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ቀላሉ ሰው አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ከባዱ አንድ ተኩል ገደማ ያወጣሉ። ሠላሳ ጊዜ ቢቆሙ እንኳ በመካከላቸው የሚፈጠረው ልዩነት ከአንድ ትንሽ ብስኩት አይበልጥም።

ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ድርሻ ይከብዳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በ2022 በስዊዘርላንድ ግሬንሽን በአንድ ሰዓት 56.792 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ሲይዝ ክብደቱ ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። በሜዳ ላይ ለሚደረግ እንዲህ ያለ ፉክክር ከባድ መሆን ብዙም አይጎዳም፤ ትልቅ ጡንቻ የሚሰጠው ኃይል ክብደቱ ከሚያስከፍለው ይበልጣልና።

ከባሕር ዳር ወደ እንጦጦ

ብስክሌት በሚዘወተርባትና መንገዷ ለጥ ባለው ባሕር ዳር የሚነዳ ሰው፣ ወይም በዱባይ አል ቁድራ የበረሃ ጎዳና ላይ የሚነዳ ሰው፣ በአመዛኙ የሚታገለው ከአየር ጋር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ብስክሌተኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 3,000 ሜትር ይጓዛል። እዚያ አሸናፊውን የሚወስነው ስበት ነው።

ለማስታወስ የሚቀል አንድ መለኪያ አለ። አንድ ኪሎ ግራምን መቶ ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት የሰው አካል የሚያቃጥለው አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ኪሎው ሥጋ ይሁን ብረት፣ በጀርባ የተሸከሙት ውኃ ይሁን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ ለስበት ልዩነት የለውም።

ሁለቱ ጓደኛሞች 6 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ለአንድ ሰዓት ቢወጡ 600 ሜትር ከፍታ ይጨምራሉ። ለዚህ ቀላሉ ሰው ወደ 135 ዋት፣ ከባዱ ወደ 190 ዋት ያስፈልጋቸዋል። በካሎሪ ሲሰላ 565 እና 805 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ40 በመቶ በላይ ሆነ፤ ሰንጠረዡ ወደሚለው 50 በመቶም ተጠጋ። ሙሉ በሙሉ 50 ያልደረሰው በዋናነት ሁለቱም እኩል 12 ኪሎ ብስክሌት ስለሚያወጡ ነው።

ቁልቁለቱ ይህን ወጪ አይመልሰውም። ከባዱ ሰው ሲወርድ ፈጥኖ ይንደረደራል፤ ነገር ግን ያተረፈውን ፍጥነት አየሩና ፍሬኑ ይበሉታል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ በሜዳው ላይ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚወጣው ጉልበት ይቀንሳል፤ የክብደት ድርሻ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ለእረፍት ሄዶ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው እሙን ነው። ትንፋሽ አጠረ ማለት ግን ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ካሎሪ ነደደ ማለት አይደለም፤ ያነሰው የኦክስጅን አቅርቦት እንጂ የጨመረው ሥራ አይደለም።

የዳገቱ ሕግ የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋ

ስበት ለኪሎ የማይራራ መሆኑ በፕሮፌሽናል ብስክሌት ዓለም ውስጥ ክብደትን ወደ አባዜነት ቀይሮታል። በተራራ ውድድር ላይ ወሳኙ ነገር አንድ ጋላቢ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ ስንት ዋት ያወጣል የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ወስኗል። ከብስክሌቱ መቀነስ ሲያቅት ፊቱ ወደ ጋላቢው ገላ ይዞራል።

በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጸጋቡ ግርማይ አልፕስንና ፒሬኒስን ያቋረጠው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። በ2024ቱ ቱር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በመጨረሻ ሜዳ ላይ በሚደረግ የፍጥነት ፍልሚያ የታወቀ ነው። አንድ ውድድር ላይ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ለሁለት ዓይነት ጋላቢ የተለያየ ሰውነት ይጠቅማል።

ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሚያወጡትን ያህል አለመብላት ግን የራሱ ጦስ አለው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 በስፖርተኞች ላይ ለሚታይ የጉልበት እጥረት አንድ የጋራ ስያሜ ሰጥቷል። የአጥንት መሳሳት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ የሆርሞን መዛባት፣ በቀላሉ መታመምና የብቃት መውረድ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ወንዶችንም ሴቶችንም ያጠቃል። ብስክሌት እንደ ሩጫ አጥንትን በጫና ስለማያጠነክር በጋላቢዎች ላይ የአጥንት መሳሳቱ ይበልጥ ያሳስባል።

በጂም ውስጥ

የቆመ ብስክሌት አየር አይሰነጥቅም፤ ዳገትም አይወጣም። በስክሪኑ ላይ 100 ዋት የሚል ከሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝነውም 90 ኪሎ ለሚመዝነውም 100 ዋት ነው። በቀደመው ቀመር መሠረት የመጀመሪያው በሰዓት 450፣ ሁለተኛው 513 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላሉ። የ50 በመቶ የክብደት ልዩነት እዚህ ላይ 14 በመቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እሷም ብትሆን የመጣችው ከባዱ ሰው በዕረፍትም ቢሆን ብዙ ስለሚጠቀምና ከባድ እግሮቹን ስለሚያሽከረክር ነው።

ስለዚህ ክብደትን ጠይቆ ካሎሪውን በእሱ የሚያባዛ የጂም ብስክሌት ለከባድ ሰው ያጋንናል፤ ለቀላል ሰው ደግሞ ያሳንሳል።

የሰው አካል ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ላይ የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1913 ፍራንሲስ ቤኔዲክትና ኤድዋርድ ካትካርት ቦስተን በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ በቆመ ብስክሌት ላይ እየሠራ የሚተነፍሰውን አየር በመለካት የሰውን አካል እንደ ሞተር አጥንተው አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ልኬቶችም በዚያው አካባቢ ይመላለሳሉ። በጣም የሠለጠነ ጋላቢና ጀማሪ በዚህ ረገድ የሚራራቁት በጥቂት መቶኛዎች ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ግጥጥሞሽ ይወለዳል። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ነው፤ አካል ፔዳሉ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ ከሚያቃጥለው አንድ አራተኛ ገደማውን ነው። አራቱ ከአንድ አራተኛው ጋር ይጣፋና፣ ፔዳሉ ላይ የተሠራው ሥራ በኪሎ ጁል ሲለካ ከተቃጠለው ኪሎ ካሎሪ ጋር በቁጥር ይቀራረባል። የኃይል መለኪያ በፔዳሉ ወይም በተሽከርካሪው ላይ የተገጠመለት ሰው 500 ኪሎ ጁል ሠርተሃል ከተባለ፣ 500 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ኪሎ ካሎሪ አቃጥሏል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሰውነት ክብደት ጭራሽ አይገባም።

ቁጥሩን አምኖ መብላት

የእጅ ሰዓቶች ይህን ችግር ይፈታሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻል ነበር። የልብ ምትን ስለሚለኩ ከሰንጠረዥ የተሻለ መረጃ አላቸው። ሆኖም በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 በጎ ፈቃደኞች ላይ ሞክረው፣ አብዛኞቹ የልብ ምትን በደንብ ቢለኩም ካሎሪን በትክክል የለካ አንድም እንዳልነበረ ደርሰውበታል። ከሁሉ የተሻለው በአማካይ በ27 በመቶ፣ የባሰው በ93 በመቶ ስቷል። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ የካሎሪው ቁጥር ግን አሁንም በግምት ላይ የተመሠረተ ነው።

ስሕተቱ ወደ ማዕድ ሲመጣ ምን ያህል ይሆናል? ሰንጠረዡ ለ90 ኪሎው ሰው 720 ብሎታል፤ በሜዳ ላይ የተሠራው ስሌት ግን 480 ነው። ልዩነቱ 240 ነው። ይህ ሰው በሳምንት አራት ጊዜ እየነዳ ‘ያቃጠልኩትን ልተካ’ ብሎ በስልኩ ቁጥር ልክ ቢበላ፣ በሳምንት 960 ኪሎ ካሎሪ ያላወጣውን ይበላል። በስምንት ሳምንት 7,680 ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ የሚይዘው ጉልበት ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ላቡን አፍስሶ፣ በሒሳቡ አንድ ኪሎ ስብ ትርፍ ገባለት ማለት ነው። ‘ስፖርት እየሠራሁ ለምን አልከሳሁም’ ለሚለው የብዙዎች ጥያቄ አንዱ መልስ ከዚህ ላይ ሊገኝ ይችላል።

በዚያ ላይ 480ው ራሱ ሙሉ በሙሉ የብስክሌቱ ውጤት አይደለም። ሰውየው ያን ሰዓት ሶፋ ላይ ቢያሳልፍ ኖሮ 75 ገደማ ኪሎ ካሎሪ ያወጣ ነበር። ብስክሌቱ የጨመረለት 400 ገደማ ነው። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ይህን አይቀንሱም፤ አንዳንዶች ግን ‘ንቁ ካሎሪ’ እና ‘ጠቅላላ ካሎሪ’ ብለው ለይተው ያሳያሉ። ምግብን ለመተካት መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነው።

ክብደቱ መቀነስ ለጀመረ ሰው ደግሞ ስሌቱ የምሥራች አለው። ሰንጠረዡ እንደሚለው ከሆነ 90 ኪሎ የነበረ ሰው 80 ሲገባ በአንድ ሰዓት ጉዞ የሚያቃጥለው በ80 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል። እንዲህ ሲሰላ በከሱ ቁጥር ስፖርቱ እየደከመ የሚሄድ ይመስላል። በሜዳ ላይ ግን በተመሳሳይ ፍጥነት የሚቀንሰው 43 ገደማ ብቻ ነው። በጂም ብስክሌት ላይ 100 ዋቱን ከያዘ ከ20 ትንሽ በለጥ ይላል። ያቺንም ቢሆን በትንሹ በመፍጠን ማካካስ አያዳግትም፤ የቀለለው ሰው ብዙ ጊዜ ሳያስበው ይፈጥናልና።

ለመተግበሪያው ምን ዓይነት ክብደት እንደሚነገረውም ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ የሰውየውንና የብስክሌቱን ክብደት ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ ከጂፒኤስ የሚገኘውን ፍጥነትና ከፍታ ጨምረው ዋቱን ያሰላሉ። እነዚህ ክብደትን ከሚያባዙት የተሻሉ ናቸው፤ በተለይ ዳገት በበዛበት መንገድ ላይ። ንፋሱን ግን አያውቁም። በረጅም መንገድ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ ንፋስ አሥር ኪሎ ክብደት ከመጨመር ይልቅ ሊያደክም ይችላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በብስክሌት ምግብ ለሚያደርሱ ሠራተኞች የሒሳቡ መነሻ የተለየ ነው። በጀርባ የሚታዘለው ትልቅ ሳጥን ዳገት ላይ በኪሎው፣ ሜዳ ላይ ደግሞ በስፋቱ ያስከፍላል። ባዶውን ሲመለስ እንኳ ሳጥኑ የሚሰነጥቀው አየር አይቀንስም፤ ስለዚህ በሜዳማ ከተማ ውስጥ ከጀርባ ወርዶ ከብስክሌቱ ኋላ ዝቅ ብሎ የታሰረ ሳጥን ውስጡ ካለው ምግብ መቅለል የበለጠ ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚጠቀሙት ደግሞ፣ ሞተሩ የሠራውን ለይቶ የማያውቅ ስልክ የእነሱ አድርጎ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ በቅንብሩ ውስጥ ‘የኤሌክትሪክ ብስክሌት’ የሚለውን አማራጭ መምረጥ ይኖርባቸዋል።